የላቪኒያ የውሸት ተቅማጥ

ላቪኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕለቱ የልጆች እሑድ ነበር፤ ልጆች ሁሉ ነጭ ለብሰው ጉባኤው ፊት እየቆሙ ጥቅስ በቃላቸው ይላሉ። እሷ ጥቅሷን አላጠናችም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄዳ፣ ሰሌን ላይ ተጋድማ ሞተች። አክስቷ አይታ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ መንደሩ ተሰበሰበ፤ ለቅሶው ደራ። ነገሩ የተበላሸው አናጢው ቁመቷን ሊለካ ገመዱን ውስጥ እግሯ ላይ ሲያሳርፈው ነው። ኮረኮራት። በሳቅ ፈነዳች። የዚያን ቀን የቀመሰችው ዱላ እውነተኛ ሬሳም የሚያስነሳ ነበር ይላሉ፣ የነበሩ ሽማግሌዎች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሞተች እኔም አላውቅም፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቷ ሆኜ እንኳ። ባሏን ሞሴሴን ያገኘችው ወደቡ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ነው። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ወደቀች እንዳትሉ! መርጣ፣ ሞሴሴ ከጀልባ ያወረደው የቦዬ ክምር ላይ ነው የተዘረጋችው። እሱም ቦዬውን ከሥሯ ለማውጣት ጎንበስ አለ፤ ያው በዚያው ቀረ።

አሁን አያት ሆናለች፤ በደሴታችን ከተማ በኔያፉ ገበያ ውስጥ ሐብሐብ ከኮኮነት ወተት ጋር እየመታች ትሸጣለች። ገበያተኛ ሲያልፍ ጉሮሮዋን ይዛ ትንገዳገዳለች፣ ጠረጴዛውን ትደገፋለች፣ ከገዛ ማሰሮዋ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ትጠጣና ነፍስ ትዘራለች። «ወይኔ! መጣሁ! ተመለስኩ!» ትላለች። ያየ ሁሉ ይጠማዋል።

ባቻምና የጤና መሥሪያ ቤት ሰው ከዋናው ከተማ ከኑኩአሎፋ ወደኛ መንደር ወደ ፋንጋሎዋ ሲመጣ፣ «ጥሩ አድርጎ የሚታመም ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ሁላችንም ሳንመካከር ወደ አንድ ቤት ጠቆምን።

ሰውየው ሊሲአቴ ይባላል። ቀጭን ነው። የመንደሩ ሴቶች ገና ከመኪናው ሲወርድ አይተው ደነገጡ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ማን እንደላከውና እናቱ በሕይወት እንዳለች ተጠያየቁ፤ ከዚያ ሊያበሉት ተነሡ።

የመጣበት ጉዳይ ይኸው ነው። በየደሴቱ ያሉ የጤና ሠራተኞች ስድስት ወር ሙሉ ሥልጠና ሲወስዱ ከርመዋል። በሽታ ሲነሣ ሰውን እንዴት እንደሚጠይቁ፣ ማን ከማን ጋር ምን እንደበላ እየተከተሉ እንዴት ከምንጩ እንደሚደርሱ ተምረዋል። ሊሲአቴ የተላከው ሥልጠናው ሠርቶ እንደሆነ እንዲገመግም ነው።

«እስካሁን» አለን አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ፣ «ሥልጠና ስንገመግም ‹ወደዳችሁት?› እያልን ነበር የምንጠይቀው። ሁሉም ‹በጣም!› ይላሉ። ‹ምኑን?› ስንላቸው ‹ምሳውን› ይላሉ። ምሳውንማ ገምግመን ጨረስን። አሁን ሲሠሩ ማየት እፈልጋለሁ።»

ስለዚህ አንድ የውሸት በሽተኛ ይኖራል። ሠልጣኞቹ ይጠይቋታል፤ ሰንሰለቱን ተከትለው ምንጩን ያገኛሉ። መልሱን የሚያውቁት ሊሲአቴና በሽተኛዋ ብቻ ናቸው።

ላቪኒያ ያንለታ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ተቀብላ አስተናገደችው። እኔ አጥሩ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ልብሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጣው።

«እትዬ ላቪኒያ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሊሲአቴ። «ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግብዣ ላይ ጥሬ ዓሣ በልተዋል። እሑድ ተቅማጥ ያዘዎት። አለቀ።»

«ባሌስ?»

«ባልዎ ምን?»

«ስታመም አጠገቤ ነበር ወይስ ጥሎኝ ሄዷል?»

«እሱ እንኳ አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም? ሴት ልጅ ባሏ የት እንዳለ ሳታውቅ እንዴት ብላ ታቃስታለች?»

ሊሲአቴ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ አጠገብዎ ነበር።»

«ጥሩ። እሞታለሁ?»

«አይሞቱም!»

«ትንሽም?»

«ትንሽም! እትዬ፣ ተቅማጥ ብቻ ነው።»

«ተቅማጥ ብቻ» አለች ላቪኒያ ቅር ብሏት። «ይሁን። ከትንሽ ነው የሚጀመረው።»

ሊሲአቴ ከኛ አካባቢ የሠለጠኑትን ሁለት የጤና ሠራተኞች ጠርቶ አስጠነቀቀ። አንዷ ላታይ ናት፤ ከጎረቤት መንደር የመጣች ነርስ፣ ድምፅዋ እንደ ኮኮነት ዘይት የለሰለሰ። ሌላው ማአኬ ነው፤ ጎልማሳ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ የኛው መንደር ልጅ። «እኔ ‹በቃ› እስክል ድረስ ሰንሰለቱን ተከተሉ። የትም ቢወስዳችሁ» አላቸው። ከዚያ አዳራሹ ጥግ ወንበር ይዞ ሊታዘባቸው ሲቀመጥ፣ የፓስተሩ ሚስት ብቅ አለችና «ይሄ ልጅ ቁርስ በልቷል?» አለች። አልበላም ነበር። ወሰደችው።

ላቪኒያ አዳራሹ መሐል ሰሌን ላይ ተዘርግታለች። እኛ የሴቶች ማኅበር አባላት ግድግዳውን ተደግፈን ተደርድረናል፤ ማራገቢያችንን ይዘን። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየቀኑ አይገኝም።

መጀመሪያ ማአኬ ገባ። በጉልበቱ እየዳኸ። ምክንያቱም ላቪኒያ የአባቱ እህት ናት። በኛ ዘንድ የአባት እህት ማለት የቤተሰቡ ንግሥት ናት፤ ፊቷ ቀና ተብሎ አይቆምም፣ ከሳህኗ አይቀመስም። ማአኬ የአባቱን እህት «ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለሱ?» ከሚል ምላሱን ቢበላ ይመርጣል።

«አክስቴ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እንዴት... ከረሙ?»

«እየሞትኩ ነው የኔ ልጅ» አለች ላቪኒያ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ማአኬ በድንጋጤ። ከዚያ በጉልበቱ ወደኋላ ተመልሶ ከላታይ ጀርባ ተሸሸገ፤ ጎሽ ከጽጌረዳ ጀርባ ከተሸሸገ እሱም ተሸሸገ።

ላታይ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እማማ፣ አይዞዎት። ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?»

«እሑድ። ባሌ አጠገቤ ነበር።»

«ጥሩ ባል ነው። ከዚያ በፊት ምን በልተው ነበር?»

ላቪኒያ «ጥሬ ዓሣ» ልትል አፏን ከፈተች። በዚህ ጊዜ፣ አጥሩ ላይ የሰማሁትን ቀድሜ የነገርኳት የማኅበራችን ሊቀመንበር ጉሮሮዋን ጠረገች። ለካ ሊሲአቴ ያላሰበው ነገር ነበር። የቅዳሜው ግብዣ እውነተኛ ግብዣ ነው። ዓሣውን የከተፍነው፣ ሎሚውን የጨመቅነው፣ ኮኮነቱን የፈቀፈቅነው እኛ ነን፤ ላቪኒያም አብራን ነበረች። በውሸትም ቢሆን የኛ ዓሣ ሰው አሳመመ ሊባል ነው? ያውም ተጽፎ ኑኩአሎፋ ሊሄድ?

የላቪኒያ አፍ እንደተከፈተ ቆየ።

«ዓሣ ነበረ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን አልነካሁትም። በጣም ቆንጆ ዓሣ ነበር። ይጻፍልኝ።»

«ተጽፏል። ታዲያ ምን በሉ?»

«የአሳማ ሥጋ።»

«ግብዣው ላይ አሳማ ነበር እንዴ?»

«ግብዣው ላይ አይደለም። ሌላ ቦታ ነው።»

ላታይ ዝም አለች። ሥልጠናው ላይ የተማሩት ነው፤ ጠይቀህ ዝም በል፣ ዝምታን የሚችል ሰው የለም፣ ራሱ ይሞላዋል። ላቪኒያ ደግሞ በሕይወቷ አንድ ዝምታ ባዶውን አሳድራ አታውቅም።

«ካቫ ቤቱ ጀርባ ነው» አለች፤ ወንዶቻችን የካቫ ሥር በጥብጠው እየጠጡ የሚያመሹበት ቤት ነው። «ማታ፣ ከኳየር ልምምድ በኋላ። በጋለ ድንጋይ የተቀበረ አሳማ። እኔ በአጥሩ በኩል ነው የተቀበልኩት።»

«ከማን ከማን ጋር?»

ላቪኒያ ምን ይዋጣት? ዓይኗን ወደ መስኮቱ ወረወረች። ውጭ የመንደራችን ሹም ሴሚሲ መኪናውን ያጥባል። ዊሊያሚ ትሮምቦኑን ይወለውላል። ሞሴሴ ማንጎው ሥር ያንቀላፋል።

«ሴሚሲ» አለች። «ዊሊያሚ። እንዲሁም ባሌ ሞሴሴ።» ሞሴሴን የጨመረችው፣ የራሷን ባል ትታ የሰው ባል ብቻ መጥራት ደግ ስላልመሰላት ነው።

ላታይና ማአኬ አመስግነው ተነሡ። «በቃ» የሚል ሰው አልነበረም። «በቃ» ባዩ የፓስተሩ በረንዳ ላይ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ በኮኮነት የተቀቀለ ሥጋና አንድ ሙሉ ዶሮ በልቶ፣ ሰሌን ላይ በጀርባው ተንጋሎ ያንኮራፋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሊሄዱ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ወሬው እንዳያመልጠኝም ተከተልኳቸው።

ሴሚሲ ባልዲውን ይዞ በፈገግታ ተቀበላቸው። ጠዋት ግምገማውን በንግግር የከፈተው እሱ ነው።

«ጋሼ ሴሚሲ» አለች ላታይ። «አንድ ጥያቄ ነበረን። ከኳየር ልምምድ በኋላ ካቫ ቤቱ ጀርባ የአሳማ ሥጋ በልተው ነበር?»

ባልዲው ወደቀ።

«ማነው የነገራችሁ?»

«የታማሚ ስም አንናገርም።»

«ታማሚ አለ?» ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልምምድ ነው» አለ ማአኬ።

«ልምምድ! እኔ ሹም ነኝ፣ ልምምድና ወጥመድ ለይቼ አውቃለሁ!»

ላታይ ዝም አለች። ሴሚሲም ዝም ሊል ሞከረ። ወደ ፓስተሩ ቤት ገልመጥ አለ።

«እኛ አልሰረቅነውም!» አለ ድንገት። «ራሱ ነው የመጣው!»

እዚህ ላይ ስለ ሰሎሞን መንገር አለብኝ። ሰሎሞን የፓስተሩ አሳማ ነው፤ ለዓመታዊው ጉባኤ ሲቀለብ የከረመ፣ ሁለት ሰው የሚያህል። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠፋ። የፍለጋውን ቡድን የመራው ሴሚሲ ራሱ ነበር፤ ቀንደ መለከት እያስነፋ ጫካውን አስሷል። ፓስተሩም ሦስት እሑድ በተከታታይ ስለ ጠፋው በግ ሰበከ። በሦስተኛው እሑድ በጉ መሬት የሚቆፍር አፍንጫ አውጥቶ ነበር። ሴሚሲ ከፊት ወንበር ተቀምጦ «አሜን» ይል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

«ካቫ እየጠጣን፣ መዝሙር እየዘመርን ሳለ በበሩ ገባ» አለ ሴሚሲ። «የካቫውን ገበታ ገለበጠ። ዊሊያሚን ገፈተረ። ራሳችንን ነው የተከላከልነው!»

«ከዚያስ?» አለች ላታይ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅ።

«ከዚያማ... ድንጋዩ ለጎደሬ ተብሎ ግሎ ነበር። ግን እኔ ጆሮውን ብቻ ነው የበላሁት! ጭኑን የበላውን ከፈለጋችሁ ዊሊያሚን ጠይቁ።»

ዊሊያሚን ጠየቁት። እሱ የቀመሰው ቆዳውን ብቻ ነው፤ ጎድኑን የወሰዱት የከበሮ መቺው ወንድሞች ናቸው። ወንድማማቾቹ ጅራቱን ብቻ ነው የተካፈሉት፤ ጎድኑን ያዩት ኳየሩ ውስጥ ወፍራም ድምፅ የሚዘምሩት ጋ ነው። ወፍራም ድምፆቹም እንዲሁ። ማንም ብቻውን መውደቅ አልፈለገምና እያንዳንዱ ሌላ ሁለት ሰው ጠራ። ሁሉም እንዳሉት ከሆነ፣ ሰሎሞን ጆሮ፣ ቆዳና ጅራት ብቻ የነበረው አሳማ ነው።

ሞሴሴን ማአኬ ቀሰቀሰው። ከወንድ ጋር ሲሆን አንደበቱ ይፈታል።

«አጎቴ፣ የፓስተሩ አሳማ...»

ሞሴሴ ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ የራሱ ላይ ሳይሆን የማአኬ አፍ ላይ። «አክስትህ እንዳትሰማ! ያንለት እራት ስታቀርብልኝ ጠግቤ መዋጥ አቃተኝ። ‹ምነው?› ስትለኝ፣ ‹ለጉልበትሽ ሕመም እየጾምኩ ነው› አልኳት።»

«እሷስ?»

«አለቀሰች። ሳመችኝ። ይባስ ብሎ ጉልበቷም ተሻላት።»

ይህን የጾሙን ታሪክ እኔም ሰምቼው ነበር። ላቪኒያ ለማኅበሩ በሙሉ ነግራን፣ ሁላችንም ቤታችን ገብተን ባሎቻችንን «ሞሴሴን እዩ!» ብለን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ተመለሱ። ሊሲአቴ ጉንጩ ላይ የሰሌን ዳንቴል ታትሞበት፣ እያፈረ መጣ። ፓስተሩም መዝጊያውን ሊጸልይ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ወንዶቹ በር በር አጠገብ ቆመዋል፤ ከአዳራሹ መቅረት ያስጠረጥራል፣ መግባትም ያስፈራል።

ላታይ ተነሥታ ሪፖርቷን ጀመረች።

«የበሽታው ምንጭ ዓሣ አይደለም።»

እኛ ማራገቢያችንን ደስ ብሎን አራገብን። ሊሲአቴ ከእንቅልፉ በቅጡ ነቃ።

«ዓሣ አይደለም?»

«አይደለም። ካቫ ቤቱ ጀርባ የተበላ አሳማ ነው። አሥራ አራት ሰዎች በልተዋል። ሁሉም አምነዋል። የታማሚ ምሥጢር ስለምንጠብቅ ስም አንጠራም» አለችና ወረቀቷን አየች። «አንደኛው የመንደር ሹም ነው። ሁለተኛው ትሮምቦን ይነፋል። ሦስተኛው ለሚስቱ ጉልበት የሚጾም ባል ነው።»

የመንደር ሹም አንድ ነው ያለን። ትሮምቦንም አንድ ነው ያለን። አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሊሲአቴ ወረቀቶቹን እያገላበጠ። «መቼ ነው የተበላው?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

«ከሦስት ሳምንት በፊት የተበላ አሳማ እሑድ ዕለት አያስቀምጥም!»

«እኛንም የገረመን እሱ ነው» አለች ላታይ በትሕትና። «አሳማው ግን መበላቱ እርግጥ ነው።»

ፓስተሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። እንደ ባህላችን ለክብር ወገቡ ላይ ያገለደመው ሰሌን ተንኮሻኮሸ።

«ልጄ» አለ። «አሳማው ምን መልክ ነበረው?»

«ጥቁር። ግራ ጆሮው ላይ ነጭ ነጥብ አለው።»

«ሰሎሞን» አለ ፓስተሩ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ጸጥ አለ። ያን ዝምታ ማንም ሊሞላው አልደፈረም፤ ከላቪኒያ በቀር። ከሰሌኗ ላይ ብድግ አለች።

«ኸረ እኔ ነኝ የፈጠርኩት! በእግዚአብሔር! ዓሣችንን እንዳላማ ብዬ ነው! አሳማም አላየሁ፣ ካቫ ቤትም አልደረስኩ! ምስኪን ሰዎች ናቸው፣ በመስኮት አይቼ ነው ስማቸውን...»

ከዚያ የሞሴሴን ፊት አየች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስታየው የኖረችው ፊት ነው፤ ማንበብ አያቅታትም።

«ሞሴሴ?»

«ላቪኒያዬ...»

«የጾምክልኝ ጾም!»

«ጆሮውን ብቻ ነው...»

«ጆሮውን ሴሚሲ በልቶታል!» አለ ማአኬ፤ ሳያስበው። ለአክስቱ ቀና ብሎ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው።

«ጉልበቴን ያዳነው የተሰረቀ አሳማ ነው?» አለች ላቪኒያ። ደረቷን ያዘች፤ ተንገዳገደች፤ ልትወድቅ ቦታ መረጠች። እኛ ግን ሁላችንም ሞሴሴን እያየን ስለነበር የሚያያት አልነበረም። ስለዚህ ቆመች፤ ማራገቢያዬን ከእጄ ነጥቃ ባሏን በሱ አሳደደችው። ትሮምቦን ነፊውም አብሮ ሮጠ፤ ማንም ሳያሳድደው።

በማግሥቱ አሥራ አራቱም ወንዶች ይቅርታ የሚለምን ሰው በኛ ባህል እንደሚያደርገው አሮጌ ሰሌን ለብሰው፣ ቅጠል አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ የፓስተሩ ደጅ ሣሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እያንዳንዱ ለካሣ አንድ አሳማ አሥሮ አምጥቷል። ፓስተሩ ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ አላያቸውም። ከዚያ ወጣ፤ ሴሚሲን ትከሻውን ይዞ አነሣው፤ ተቃቀፉ፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። አሳማዎቹ በዚያው ሳምንት የፓስተሩን ሚስት የጎደሬ ማሳ ከሥሩ ነቅለው ጨረሱት። ቀጣዩ ስብከት በረከት ሲበዛ ስለሚያመጣው ፈተና ነበር።

ሊሲአቴ አለቃው ዘንድ ሲደውል እኔ እንደምንም አጠገቡ ነበርኩ። የአለቃው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል።

«ሥልጠናው ሠርቷል ወይስ አልሠራም?»

«ሠርቷል ጌታዬ። ትንሽ በዝቷል።»

«መልሱን አገኙ?»

«የኔን አላገኙም። ሌላ ነው ያገኙት።»

«ምን ሌላ?»

«አሳማ።»

ከስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ተሰማ። ሊሲአቴም ተምሮ ኖሮ፣ እሱም ዝም አለ። በመጨረሻ አለቃው «እሺ፣ አሳልፋቸው» አለ። አሳለፋቸው። መጠየቅና ማዳመጥ ላይ ከፍተኛ ሰጣቸው፤ ምሥጢር መጠበቅ ላይ ግን ላታይ ስም ሳትጠራ አገር እንዳጋለጠች ጽፎ፣ ሁለት ቀን ተጨማሪ ትምህርት አዘዘላት።

ሞሴሴ ጓዳ ገባ። ወር ሙሉ እራት የሠራው እሱ ነው። ላቪኒያ ምግቡን እየበላች በአጥሩ በኩል «ቅጣቱ ለማን እንደሆነ አልገባኝም» ትለኝ ነበር።

በዝናቡ ወራት ግን ከኛ ባሻገር ያለችው ትንሽ ደሴት ላይ እውነተኛ ተቅማጥ ተነሣ፤ ሕፃናትም ታመሙ። ላታይና ማአኬ በጀልባ ሄዱ። ሰዉ ስለ አሳማው ሰምቷልና ከላታይ መደበቅ እንደማይቻል ያውቃል። ገና ከጀልባ ሳትወርድ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይቀር ወደቡ ላይ ተሰልፎ ነገራት። ማአኬም አሮጊቶቹን ሁሉ ዓይናቸውን እያየ ጠየቀ፤ አክስቱ ስላልሆኑ ይሆናል። በሁለት ቀን የትምህርት ቤቱ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተ አይጥ ተገኘ። ውኃው ተደፋ፤ የሞተ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የዚያች ደሴት ሽማግሌ ኔያፉ ገበያ መጥቶ፣ ላቪኒያ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እነዚያን ልጆች ያሠለጠኑት ዶክተር እርስዎ ነዎት አሉኝ» አላት።

ላቪኒያ ወደኔ ገልመጥ አለች። እኔ ወደ ሐብሐቡ ዞርኩ።

«ጥረናል» አለች። «እንግዲህ እንደ አቅማችን።»

አንድ ብርጭቆ ሙሉ በነፃ ቀዳችለት። ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ብርጭቆውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋ።

«ሁለተኛው ይከፈልበታል» አለችው ዶክተር ላቪኒያ።